በቫዲን የጽሑፍ ሳጥን ላይ የሚተየበውን በቀጥታ መቀበል፦ ለአማርኛ ጽሑፍ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከባህር ዳር በጀልባ የሚኬድባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ዘጌ፣ ደቅ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ደብረ ማርያም፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ቁንዝላ፣ ጎርጎራ። ትኬት ቆራጯ ረጅም ዝርዝር ወደ ታች እየጎተተች ከምትፈልግ ይልቅ የመድረሻውን ስም መጻፍ ስትጀምር ዝርዝሩ በዚያው እየጠበበ ቢሄድላት፣ ሥራዋም የተሳፋሪው ሰልፍም ይፈጥናል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን የመፈለጊያ ሳጥን በጃቫ የድረ ገጽ ፍሬምወርክ በሆነው በቫዲን እንዴት እንደሚሠሩ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ለላቲን ፊደል ታስበው የተጻፉ ምሳሌዎች እንዳሉ ሲገለበጡ በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ጎልቶ የሚታይ ጉድለት ስለሚያመጡ፣ የመመሪያው ሰፊ ክፍል የተሰጠው ለዚህ ጉዳይ ነው።

ምሳሌው የተዘጋጀው በመጋቢት ወር 2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ቫዲን 24 ሲሆን፣ ለእርሱም ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የክላሶችንና የሜተዶችን ስም በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ በኮድ አርታኢዎ ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ሲጀምሩ ራሱ ያሟላልዎታል።

ደረጃ 1፦ የሚያዳምጡትን ኢቨንት ይለዩ

ሰው በጽሑፍ ሳጥን ላይ ሲጽፍ ብራውዘሩ ሦስት ዓይነት ኢቨንቶችን (አንድ ነገር መሆኑን የሚያሳውቁ ምልክቶችን) ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ የቁልፍ ኢቨንቶች ናቸው፤ ቁልፍ ሲጫንና ሲለቀቅ ይነሳሉ። ሁለተኛው «ኢንፑት» የሚባለው ሲሆን፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በተለወጠ ቁጥር፣ በቁልፍም ይለወጥ ተቀድቶ በመለጠፍ፣ ወዲያውኑ ይነሳል። ሦስተኛው «ቼንጅ» ነው፤ እርሱ ጸሐፊው ኢንተር እስኪጫን ወይም ከሳጥኑ እስኪወጣ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ለቀጥታ ፍለጋ የቁልፍ ኢቨንትን ማዳመጥ ለብዙ ጀማሪዎች ቀላሉ መንገድ መስሎ ይታያቸዋል፤ ለአማርኛ ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች አንዱን ፊደል ከሁለትና ከዚያ በላይ ቁልፎች ስለሚገነቡት፣ ቁልፉ ሲጫን የሚመጣው መረጃ በሳጥኑ ውስጥ ስለሚታየው ፊደል የሚነግረን ነገር የለም። በስልክ ላይ ደግሞ መጻፊያው ፊደሉን እያቀናበረ ሳለ ብራውዘሩ ለየትኛውም ቁልፍ 229 የሚል አንድ ዓይነት ኮድ ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የቁልፍ ኢቨንትን እንደ ኢንተርና እንደ ማምለጫው (ኢስኬፕ) ቁልፍ ላሉ ትእዛዞች ይተዉት፤ ለይዘቱ ግን ጽሑፉን ራሱን ያዳምጡ።

ደረጃ 2፦ ጽሑፉ ወደ ሰርቨር የሚላክበትን ስልት ይምረጡ

በቫዲን የገጹ ሁኔታ የሚቀመጠው በሰርቨሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሊስነር (ኢቨንቱን የሚያዳምጥ ኮድ) የተሰካበት ኢቨንት ሁሉ በኔትወርክ ሄዶ ይመለሳል። ይህን ጉዞ የሚቆጣጠረው «ሴት‐ቫልዩ‐ቼንጅ‐ሞድ» የተባለው ሜተድ ሲሆን፣ አምስት ምርጫዎች አሉት። «ኢገር» በእያንዳንዱ ለውጥ ይልካል። «ሌዚ» ጸሐፊው እጁን እስኪያሳርፍ ይጠብቅና አንድ ጊዜ ይልካል። «ታይምአውት» ጽሑፉ ሳይቋረጥ ሲቀጥልም በተወሰነ የጊዜ ልዩነት እየቆጠረ ይልካል። «ኦን ብለር» ከሳጥኑ ሲወጣ፣ «ኦን ቼንጅ» ደግሞ ከላይ የተገለጸው የቼንጅ ኢቨንት ሲነሳ ይልካሉ።

ነባር ፕሮጀክት የሚያሻሽሉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቫዲን 6 እና 7 ለዚህ ሥራ «ቴክስት‐ቼንጅ‐ሊስነር» የሚባል ለብቻው የቆመ ሊስነር ነበር፤ እየተጻፈ ያለውን ጽሑፍ ከኢቨንቱ እንጂ ከሳጥኑ ማንበብ አይቻልም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ቫዲን 8 ይህን ከቫልዩ ቼንጅ ሊስነር ጋር አዋህዶ ሌዚን መነሻ አደረገው። ከቫዲን 10 ጀምሮ ግን መነሻው ኦን ቼንጅ ሆኗል። ከ8 ወደ አዲሱ የተሻገረ ፕሮግራም ምንም ስህተት ሳያሳይ የቀጥታ ፍለጋው ድንገት ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ስልቱን በግልጽ መጻፍ ብቻ ነው።

ለመፈለጊያ ሳጥን ምርጫዬ ሁልጊዜ ሌዚ ነው። ኢገር በአካባቢያዊ ኮምፒውተር ላይ ሲሞከር እጅግ ያምራል፤ በሞባይል ዳታ ከባህር ዳር ወደ ሩቅ ሰርቨር ሲሠራ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ጉዞ ይሆናል፣ ለአማርኛ ደግሞ የቁልፉ ቁጥር ከፊደሉ ቁጥር ይበዛል። የመጠበቂያው ጊዜ የሚወሰነው በ«ሴት‐ቫልዩ‐ቼንጅ‐ታይምአውት» ነው፤ የሚሠራውም ለሌዚና ለታይምአውት ብቻ ነው። ካልነኩት 400 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በኮምፒውተር ኪቦርድ ፈጥኖ ለሚጽፍ ሰው ይህ በቂ ነው፤ በስልክ እየፈለገ ለሚነካ ሰው እስከ 600 ቢያደርሱት በፊደሉ መካከል የሚነሱ ከንቱ ጥያቄዎች በግልጽ ይቀንሳሉ።

ደረጃ 3፦ ሊስነሩን ይጻፉ

በገጹ ክላስ ውስጥ «ቴክስትፊልድ» የሚባለውን አካል «መድረሻ» በሚል ርእስ ይፍጠሩ፤ ስልቱን ሌዚ፣ መጠበቂያውን 400 ያድርጉ። ጽሑፉን በአንድ ንክኪ የሚያጠፋውን ምልክት በ«ሴት‐ክሊር‐በተን‐ቪዚብል» ያብሩት፤ ሰልፍ እየጠበቀ አንድ በአንድ ማጥፋት ያሰለቻል። ከሥሩ ውጤቱን የሚያሳየውን «ግሪድ» ያስቀምጡ። ቀጥሎ «አድ‐ቫልዩ‐ቼንጅ‐ሊስነር» ጠርተው በውስጡ ሦስት ነገር ብቻ ያድርጉ፦ አዲሱን ጽሑፍ ከኢቨንቱ በ«ጌት‐ቫልዩ» ያንብቡ፣ ለፍለጋ ሜተድዎ ይስጡ፣ የተገኘውን ዝርዝር በ«ሴት‐አይተምስ» ለግሪዱ ያስረክቡ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሙሉውን ዝርዝር ይመልሱ።

ኢቨንቱ «ኢዝ‐ፍሮም‐ክላየንት» የሚል ጥያቄም ይመልሳል፤ ለውጡ የመጣው ከሰው እጅ ነው ወይስ ከራስዎ ኮድ የሚለውን ይለያል። ለምሳሌ ትኬት ቆራጯ ከግሪዱ አንዱን መድረሻ ስትመርጥ ሙሉ ስሙን ኮዱ በሳጥኑ ውስጥ የሚጽፍ ከሆነ፣ ያ ጽሑፍ እንደገና ፍለጋ እንዳያስነሳ በዚህ ያግዱት።

ከዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው አለ፦ በዚህ ሊስነር ውስጥ ተመልሰው በሳጥኑ ላይ አይጻፉ። ትርፍ ክፍት ቦታ ለማጥፋት ወይም ፊደል ለማስተካከል ተብሎ ገና እየተጻፈ ያለን ጽሑፍ ከሰርቨር መለወጥ፣ መልሱ እስኪመጣ የተጨመሩትን ፊደላት ይውጣል፣ ጠቋሚውንም ከቦታው ያንሸራትታል። በአማርኛ መጻፊያ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ መጻፊያው «ዝ» ብሎ አናባቢውን እየጠበቀ ሳለ ከሥሩ ጽሑፉ ቢለወጥበት የቀረው ቁልፍ ሌላ ፊደል ይወልዳል። ማስተካከያው ሁሉ በቅጂው ላይ፣ በፍለጋ ሜተድ ውስጥ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ያላለቀውን የመጨረሻ ፊደል ክፍት አድርገው ይፈልጉ

አሁን «ዘጌ» ሲጻፍ የሚሆነውን በቅርብ እንመልከት። በድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ ላይ የመጀመሪያው ቁልፍ ሲነካ በሳጥኑ የሚታየው «ዝ» ነው፤ አናባቢው ሲጨመር «ዘ» ይሆናል፤ ቀጥሎ «ዘግ» ይመጣና በመጨረሻ «ዘጌ» ይሆናል። ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው ቁልፍ በኋላ ጥቂት ካመነታች ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው «ዝ» ነው። ጽሑፉን እንዳለ በስሞቹ ውስጥ የሚፈልግ ኮድ «ዝ»ን የሚያገኘው በ«ቁንዝላ»ና በ«አዝዋ ማርያም» ውስጥ ነው፤ የተፈለገው ዘጌ ግን ከዝርዝሩ ይጠፋል። ከአፍታ በኋላ «ዘ» ሲደርስ ዘጌ ይመለሳል፣ «ዘግ» ሲሆን እንደገና ይጠፋል፣ «ዘጌ» ሲሆን ደግሞ ብቅ ይላል። ዝርዝሩ እንዲህ በተጠቃሚው ዓይን ፊት ሲብለጨለጭ ሰው በፍለጋው ላይ እምነት ያጣል። መጠበቂያውን ማርዘም ችግሩን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

እውነተኛው መፍትሔ የመጨረሻውን ፊደል እንዳላለቀ ቆጥሮ መፈለግ ነው፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ አሰላለፍ በእጅጉ ይረዳል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ሲገኝ፣ በዋናው ክፍል ፊደላቱ ከ4608 እስከ 4954 ባሉት ቁጥሮች ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የፊደል ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስ፣ ለሳድስና ለሳብዕ ሲሆኑ ስምንተኛው አብዛኛውን ጊዜ እንደ «ቧ» ያለው ዲቃላ ይቀመጥበታል። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 ሲያካፍሉ ድርሻው ዘሩን፣ ቀሪው እርከኑን ይነግርዎታል። «በ» 4704 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 588 ደርሶ ቀሪ የለውም። «ብ» 4709 ነው፤ ድርሻው ያው 588፣ ቀሪው 5 ነው። ቀሪው 5 የሆነ ሁሉ ሳድስ ነው።

ሜተዱ እንግዲህ እንዲህ ይሠራል። ከተጻፈው የመጨረሻውን ፊደል ይነጥላል፤ ፊደሉ ሳድስ ከሆነ ከእርሱ በፊት ያለውን እንዳለ ያዛምዳል፣ በመጨረሻው ቦታ ላይ ግን የዘር ቁጥሩ እኩል የሆነውን ፊደል ሁሉ ይቀበላል። ተጠቃሚዎችዎ የሚጠቀሙበት የስልክ መጻፊያ መጀመሪያ ግዕዙን አውጥቶ ቀጥሎ እርከኑን የሚያስመርጥ ከሆነ፣ ቀሪው 0 ለሆነውም ያንኑ ሕግ ያውሉ። በዚህ መንገድ «ዝ» ሲጻፍ ዘጌም፣ ቁንዝላም፣ አዝዋ ማርያምም ይወጣሉ፤ በተፈለገው ፊደል የሚጀምሩትን ከላይ ካደረጓቸው ዘጌ ከመጀመሪያው ቁልፍ ጀምሮ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይቆያል። ጸሐፊዋ ከፊደሉ በኋላ ክፍት ቦታ ከጨመረች ቃሉ አልቋል ማለት ነውና፣ ያን ጊዜ ፊደሉን እንደተጻፈው ይውሰዱት።

በብዙ መመሪያዎች «ሦስት ፊደል ሳይሞላ ፍለጋ አይጀመር» የሚል ምክር ይሰጣል። ለአማርኛ አይስማማም። ዘጌም ደቅም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ በዚያ ሕግ ከሄድን ሁለቱ በጭራሽ አይፈለጉም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ከአንድ ፊደል መጀመር በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያምጡ

አንዱ «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ኡራ ኪዳነ ምህረት»። ናርጋ ሥላሴ በንጉሡ «ሠ»ም በእሳቱ «ሰ»ም ይጻፋል። የከተማችን ስም እንኳ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር እየተባለ ይጻፋል። ትክክለኛው አጻጻፍ የትኛው እንደሆነ መወሰን የፍለጋው ሳጥን ሥራ አይደለም፤ ሁሉንም መቀበል ግን ግዴታው ነው።

የተጻፈውንም የተከማቸውንም ስም በአንድ የማስማሚያ ሜተድ ያሳልፉ። ዘሮቹ ስምንት ስምንት ሆነው የተሰለፉ በመሆናቸው ማስማማቱ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፦ ከሐመሩ «ሐ» ዘር 16፣ ከብዙኃኑ «ኀ» ዘር 128 ቀንሰው ወደ ሃሌታው «ሀ» ያምጡ፤ በ«ሠ» ዘር ላይ 16 ደምረው «ሰ» ያድርጉት፤ ከዓይኑ «ዐ» 48 ቀንሰው አልፋው «አ»ን፣ ከፀሐዩ «ፀ» 8 ቀንሰው ጸሎቱን «ጸ» ያገኛሉ። ይህን በእያንዳንዱ ዘር የመጀመሪያ ሰባት እርከኖች ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ለምሳሌ «ሗ» ለብቻው ወደ «ኋ» ይመለስ። ከዚህ በኋላ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» ይቀይሩ፤ በአማርኛ ንባብ ድምፃቸው አንድ ነውና። በመጨረሻም ክፍት ቦታንና ሁለት ነጥብን ያውጡ። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ የመጨረሻው ክፍት ቦታ መኖሩን የሚመረምሩት ከማውጣትዎ በፊት ነው፣ የደረጃ 4ን ክፍት ፊደል የሚያሰሉት ደግሞ ከማስማማት በኋላ ነው።

ደረጃ 6፦ ከዳታቤዝ ጋር ያገናኙት

መድረሻዎቹ ጥቂት ከሆኑ ሁሉንም አንድ ጊዜ አንብበው በማህደረ ትውስታ ማጣራት ይበቃል። የተሳፋሪ ስም ወይም የትኬት መዝገብ ሲሆን ግን በዳታቤዝ መፈለግ ግድ ነው። የተስማማውን ስም ለብቻው ዓምድ ሰጥተው መዝገቡ ሲቀመጥ አብሮ እንዲሞላ ያድርጉ፤ በእያንዳንዱ ፍለጋ ሁሉንም ስሞች እያስማሙ መሄድ ኢንደክሱን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን የዳታቤዝ ማውጫ) ከንቱ ያደርገዋል።

ክፍት የሆነው ፊደል እዚህም አያስቸግርም። የአንድ ዘር ፊደላት ተከታታይ ስለሆኑ ጥያቄው የወሰን ጥያቄ ይሆናል፦ «ዝ» ለተጻፈ ሰው ከ«ዘ» ጀምሮ «ዠ» ላይ ሳይደርስ ያሉትን ስሞች ይጠይቁ፤ «ደብ» ለተጻፈ ደግሞ ከ«ደበ» ጀምሮ «ደቨ» ላይ ሳይደርስ ያሉትን። ይህ እንዲሠራ ዓምዱ በኮድ ቁጥር ቅደም ተከተል መደርደር አለበት፤ በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ለዓምዱ «ሲ» የተባለውን ኮሌሽን (የአደራደር ሕግ) ከሰጡት ተራው ኢንደክስ ያገለግላል። በቃል መካከል ወይም በሁለተኛው ቃል የሚፈልግ ካለ፣ ለምሳሌ ዑራን ትቶ «ኪዳነ» ብሎ የሚጀምር፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጀምሮ እስከ ስሙ መጨረሻ ያለውን ክፍል በሌላ ሠንጠረዥ እንደ ራሱ መስመር ያስቀምጡ። ውጤቱን በ20 ወይም በ30 መስመር ይገድቡት፤ ከዚያ በላይ በቀጥታ ፍለጋ ውስጥ የሚያነብ የለም።

ደረጃ 7፦ ፍለጋው የሚዘገይ ከሆነ

ቫዲን የአንድ ተጠቃሚን ጥያቄዎች በአንድ መቆለፊያ (ሎክ) ሥር ተራ በተራ ያስተናግዳል። ስለዚህ ሊስነሩ ሁለት ሰከንድ ቢወስድ የዚያ ተጠቃሚ ገጽ ሁለት ሰከንድ ይቆማል፤ ከ450 ሚሊሰከንድ በኋላ ከገጹ አናት ላይ የመጠበቂያው መስመር ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ተራ አንድ ጥቅም አለው፦ የቀደመው መልስ ዘግይቶ መጥቶ አዲሱን አይሽርም። ፍለጋው ፈጣን ከሆነ ይህን ቀላል መንገድ አይልቀቁ።

ዝግ ያለ ፍለጋን ወደ ጀርባ ክር (ትሬድ) ማዛወር ካስፈለገ ግን ያ ዋስትና ይቀራልና ራስዎ መተካት አለብዎት። በመጀመሪያ ፕሮግራሙን በሚወክለው ክላስ ላይ «ፑሽ» የሚለውን ምልክት ያኑሩ፤ አለበለዚያ ከጀርባ የመጣው ለውጥ እስከሚቀጥለው ጥያቄ ድረስ ለብራውዘሩ አይደርስም። በገጹ ክላስ ውስጥ ተራ ቁጥር የሚይዝ መስክ ያዘጋጁና ሊስነሩ በተነሳ ቁጥር አንድ ይጨምሩበት። የተጨመረውን ቁጥርና የአሁኑን «ዩአይ» (የተከፈተውን ገጽ የሚወክለውን ኦብጀክት) በአካባቢያዊ ተለዋዋጭ ይዘው ፍለጋውን የጀርባ ክሮችን ለሚያሠራው ኤክሰኪዩተር ይስጡ። ውጤቱ ሲመጣ በ«ዩአይ አክሰስ» ውስጥ ይግቡ፤ እዚያ መቆለፊያው ስለሚያዝ መስኩን ያለ ስጋት ማንበብ ይቻላል። የያዙት ቁጥር ከመስኩ ጋር እኩል ከሆነ ግሪዱን ይሙሉ፤ ካልሆነ ሌላ ጽሑፍ ተከትሎታልና ውጤቱን ይጣሉት። ተጠቃሚው ገጹን ዘግቶ ከሄደ አክሰስ ስህተት ሊወረውር ስለሚችል ያንን ይያዙት። ለጀርባ ሥራው የሚያዘጋጁት የክር ብዛት የተወሰነ ይሁን።

ደረጃ 8፦ በዚያው ቅጽ ላይ ያለውን የስልክ ሳጥን

የተሳፋሪው ስልክ ቁጥርም በቀጥታ ይመረመር ከተባለ ስልቱ ይለያል። ሳጥኑ አሃዝ ብቻ እንዲቀበል «ሴት‐አላውድ‐ቻር‐ፓተርን» በሚባለው ሜተድ ይገድቡ፤ ይህ በብራውዘሩ ውስጥ ስለሚፈጸም ጉዞ አይጠይቅም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ሕግ የቅጹን ሳጥኖች ከመረጃው ጋር በሚያገናኘው «ባይንደር» ላይ ያድርጉ፤ ስልቱን ግን ኦን ቼንጅ ላይ ይተዉት። ሰው አራተኛውን አሃዝ ሲነካ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ማውጣት ገና ያልጨረሰን ሰው መገሠጽ ነው። ስንት አሃዝ እንደሚጠበቅ ከሳጥኑ ሥር በረዳት ጽሑፍ ማሳየት የተሻለ ነው።

ደረጃ 9፦ ይፈትሹት

ለማስማሚያው ሜተድ የዩኒት ፈተና ይጻፉ፤ ሁለቱ የዑራ ኪዳነ ምሕረት አጻጻፎች፣ ሦስቱ የባህር ዳር፣ «ፀሐይ»ና «ጸሃይ» አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለባቸው። ለክፍቱ ፊደል «ዝ»፣ «ዘ»፣ «ዘግ» እና «ዘጌ»ን በተራ ሰጥተው ዘጌ በአራቱም መኖሩን ያረጋግጡ።

ቀሪው ፍተሻ በእጅ ነው። በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ ያውርዱና በኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያ ይጻፉ፤ የሚላኩትን ጥያቄዎች በዚያው መስኮት ይቁጠሩ። ለአንድ ስም ከፊደሉ ቁጥር የበለጡ ጥያቄዎች ከሄዱ መጠበቂያውን ያርዝሙ። ቀጥሎ በእውነተኛ ስልክ፣ ቢቻል ትኬት ቆራጯ ራሷ በምትይዘው ስልክና መጻፊያ ይድገሙት፤ በኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስለው ማሳያ የአማርኛ መጻፊያውን ባሕርይ አያሳይም። በመጨረሻም የጻፉትን ስም ቀድተው ይለጥፉ፣ ከመካከሉ አንድ ፊደል ያጥፉ፣ ሳጥኑን በምልክቱ ያጽዱ፤ በሦስቱም ጊዜ ዝርዝሩ በሳጥኑ ውስጥ ካለው ጽሑፍ ጋር መስማማቱን ይመልከቱ።